ስለ ዋናውና ስለ ግልባጩ

በቻይና አገር ከእጅ ጽሕፈት ሁሉ በላይ የተከበረው ጽሕፈት ዛሬ በምድር ላይ አይገኝም። ከ1300 ዓመት ወዲህ አየሁት የሚል ሰው የለም። ይሁን እንጂ የዚያ አገር ተማሪ ብሩሽ መያዝ ሲጀምር በእርሱ ይማራል፤ መምህራንም የያንዳንዱን ፊደል አጣጣል በእርሱ ይተነትናሉ። ስለ እርሱ ሊቃውንት ተከራክረዋል፤ መነኵሴ ተታሏል፤ ሰውም ነፍሱን ለአደጋ ሰጥቷል። የማይታይ ነገር እንዴት መምህር ሊሆን ቻለ ቢሉ፣ መልሱ አጭር ነው፤ ግልባጩ አለ። ዳሩ ግን ይህ አጭር መልስ ረዥም ጥያቄ ይወልዳል። ግልባጭ የዋናውን ስፍራ ሊይዝ ይገባዋልን? አንድን ክቡር ነገር ጠበቀው ሊባል የሚገባውስ ማን ነው? በእጁ ጨብጦ የያዘው ነውን፤ ወይስ ቀድቶ ለሌላ ያሳለፈው?

ነገሩ የተጀመረው በ353 ነው። እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው። በዚያ ዓመት በጸደይ ወራት ዋንግ ሺዥ የተባለው ሹምና ስመ ጥር ጸሐፊ፣ ዛሬ ሻኦሺንግ በምትባለው ከተማ አጠገብ፣ ላንቲንግ በሚሉት ስፍራ አርባ ያህል ወዳጆቹን ሰበሰበ። እንግዶቹ በአንድ ጠመዝማዛ ጅረት ዳር ተቀመጡ፤ በውሃው ላይም የመጠጥ ጽዋ እየተንሳፈፈ ይወርድ ነበር። ጽዋው በፊቱ የቆመበት ሰው ግጥም ይገጥማል፤ ያልሆነለትም መቀጫውን ይጠጣል። ግጥሞቹ በተሰበሰቡ ጊዜ ዋንግ ሺዥ መቅድም ጻፈላቸው። መቅድሙ 28 መሥመርና 324 ፊደል ነው። በደስታ ይጀምርና የሰው ደስታ እንዴት ፈጥኖ እንደሚያልፍ፣ ሕይወትና ሞት አንድ ናቸው የሚለውም አነጋገር እንዴት ከንቱ እንደ ሆነ እያዘነ ይፈጽማል። ከፊደሎቹ አንዱ ሃያ ጊዜ ያህል ይመላለሳል፤ ሆኖም በተመላለሰ ቍጥር መልኩ ልዩ ነው። ጽሕፈቱ ረቂቅ ነበርና የተሠረዘ ቃል አለበት፤ በመሥመር መካከል የተጨመረም ቃል አለበት።

በኋላ ዘመን እንደ ተተረከው፣ ዋንግ ሺዥ መጠጡ ከበረደለት በኋላ ያንኑ መቅድም አሳምሮ ሊገለብጠው ደጋግሞ ሞከረ፤ ነገር ግን እንደ ፊተኛው ያለ ሊወጣለት አልቻለም። ይህ ተረት ሊሆን ይችላል፤ ቢሆንም ከብዙ እውነተኛ ታሪክ ይልቅ ያስተምራል። ደራሲው ራሱ የገዛ እጁን ጽሕፈት መቅዳት ካቃተው፣ ሌላ ሰው ይቀዳዋል ብሎ ማሰብ ድፍረት ይመስላል። ዳሩ ግን ሌሎች ቀዱት። ምክንያቱም ግልጽ ነው። ዋንግ ሺዥ የፊተኛውን ሊበልጠው ፈለገ፤ ቀጂዎቹ ግን ሊከተሉት ብቻ ፈለጉ።

ዋንግ ሺዥ ካረፈ ከሦስት መቶ ዓመት በሚያንስ ጊዜ ውስጥ፣ ከ626 እስከ 649 የነገሠው የታንግ ንጉሠ ነገሥት ታይዞንግ የዚህን ሰው ጽሕፈት ከየአገሩ እያሰሰ ማሰባሰብ ጀመረ። ብዙ ገዛ፤ ብዙም በስጦታ ገባለት። የላንቲንግ መቅድም ግን አልገኝ አለው። በ714 የተጻፈ አንድ ታሪክ እንደሚለው፣ መቅድሙ ቢያንትሳይ በሚባል የቡድሃ መነኵሴ ዘንድ ነበር። መነኵሴው ከመምህሩ ተቀብሎ፣ በማደሪያው ተሸካሚ እንጨት ላይ ቀዳዳ አበጅቶ ሸሽጎታል። ንጉሠ ነገሥቱ ደጋግሞ አስጠርቶ ጠየቀው፤ እርሱ ግን በሁከት ዘመን ጠፋ እያለ መለሰ። ከዚህ በኋላ ሺያኦ ዪ የተባለ ሹም እንደ ተራ መንገደኛ ለብሶ ወደ ገዳሙ ሄደ። ከመነኵሴው ጋር ተጫወተ፤ ግጥም ተገጣጠመ፤ ወዳጅነትንም አጸና። አንድ ቀን ከቤተ መንግሥት ያመጣውን የዋንግ ሺዥን ጽሕፈት አውጥቶ ቢያሳየው፣ መነኵሴው እኔ ዘንድ ከዚህ የሚበልጥ አለ ብሎ የሸሸገውን አወረደለት። ሺያኦ ዪም መነኵሴው ከቤት የወጣበትን ሰዓት ጠብቆ ወሰደው። ንጉሡ ለመነኵሴው ብዙ ሐርና እህል ሰጠው፤ መነኵሴው ግን ዓመት ያህል ቈይቶ ሞተ ይባላል። ነገሩን በሌላ መንገድ የሚተርክም አለና ሁሉን እንደ ተጻፈ መቀበል አያስፈልግም። ያም ሆነ ይህ፣ የቻይና ሊቃውንት ይህን ታሪክ ሲተርኩ ማንን እንደሚያመሰግኑ ግራ የገባቸው ይመስላሉ። መነኵሴው ዋሽቷል፤ ሹሙ ሰርቋል፤ ንጉሡ አሰርቋል። ሦስቱም ያደረጉትን ያደረጉት ጽሕፈቱን ወደውት ነው።

ንጉሠ ነገሥቱ መቅድሙን ባገኘ ጊዜ የቤተ መንግሥቱን ቀጂዎች ጠርቶ አስቀዳው፤ ግልባጩንም ለልጆቹና ለመኳንንቱ አደለ። ከቀጂዎቹ መካከል ፈንግ ቼንግሱ የተባለው በስም ይታወሳል። አሠራራቸው ይህን ይመስል ነበር። ወረቀቱ አስቀድሞ ሰም እየተቀባ ብርሃን የሚያሳልፍ ይሆናል። በዋናው ላይ ይነጠፍና በመስኮት ብርሃን ይያዛል። ቀጂው በጣም ቀጭን ብሩሽ ይዞ የያንዳንዱን ጭረት ዳርና ዳር እንደ ጠጕር በቀጠነ መሥመር ይከብባል፤ ከዚያ በኋላ ውስጡን በቀለም ይሞላል። የዋናው ብሩሽ ጠጕር በተሰነጠቀበት ስፍራ ስንጥቁን፣ ቀለሙ በደረቀበት ስፍራ ድርቀቱን ይቀዳል። የተሠረዘውንም እንደ ተሠረዘ፣ የተጨመረውንም እንደ ተጨመረ ይተወዋል። እንግዲህ እንዲህ ያለው ቀጂ ጻፈ ሊባል አይችልም። ልብ ብለው ቢያዩት ግን ሥራው ከመጻፍ ይከብዳል፤ ጸሐፊው አንድ ጊዜ በቅጽበት ያሳለፈውን የእጅ ጕዞ እርሱ ቀን ሙሉ እየተነፈሰ ይከተለዋልና። ለፈንግ ቼንግሱ የሚሰጠው ግልባጭ ዛሬ በቤይጂንግ በቤተ መንግሥቱ ሙዚየም ይገኛል።

በ649 ታይዞንግ ሊሞት ሲቀርብ መቅድሙ ከእርሱ ጋር እንዲቀበር ልጁን ለመነው ይባላል። ዣኦሊንግ በሚባለው መቃብሩ ውስጥም ገባ። በአሥረኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ዌን ታኦ የተባለ የጦር አለቃ የታንግን ነገሥታት መቃብሮች እየከፈተ ዘረፈ፤ በዣኦሊንግም የጥንት ጽሕፈቶች እንደ ተገኙ ተጽፏል። የላንቲንግ መቅድም ግን ከዚያ ወዲህ በማንም እጅ አልታየም። እንግዲህ ይህ ንጉሥ በአንድ እጁ ዘራው፤ በሌላው እጁ ቀበረው። በእርሱ ፍርድ የተቀበረው ሀብቱ፣ የተዘራው ጥላው ነበር። ዘመን ግን ፍርዱን ገለበጠበት። ዋናውን ከሁሉ አብልጦ የወደደው ሰው ለዋናው መጥፋት ምክንያት ሆነ፤ ስማቸው እንኳ በሙሉ ያልታወቀ ደመወዝተኞች ግን አተረፉት። ደግሞም መቅድሙ ብቻ አይደለም፤ በእርግጥ ከዋንግ ሺዥ እጅ ወጣ የሚባል አንድ ገጽ እንኳ ዛሬ የለም። ስሙ የቆመው በግልባጭ ላይ ብቻ ነው።

ይህን ሰምቶ መገልበጥ ሁሉ መልካም ነው ብሎ የሚፈርድ ሰው ግን ይቸኵላል። በአሥራ ሁለተኛውና በአሥራ ሦስተኛው መቶ ዓመት መካከል የነበረው ጂያንግ ኩዊ ነገሩን በሚገባ መርምሮታል። ቻይናውያን ሁለት ዓይነት አቀዳድ አላቸው። አንደኛው በዋናው ላይ ወረቀት ነጥፎ መከተል ነው፤ ሁለተኛው ዋናውን አጠገብ አስቀምጦ እያዩ በነፃ እጅ መጻፍ ነው። ጂያንግ ኩዊ እንደሚለው በላዩ ነጥፎ የሚቀዳ ሰው የፊደሉን ስፍራና መጠን ያገኛል፤ የብሩሹን መንፈስ ግን ያጣል። እያየ የሚጽፈው መንፈሱን ያገኛል፤ መጠኑን ግን ይስታል። እንግዲህ ታማኝነትም ሁለት ዓይነት ነው ማለት ነው፤ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ የያዘ እጅ ግን አልተገኘም። የመጀመሪያውን ብቻ የያዘ ትውልድ ሬሳ ይጠብቃል፤ ሁለተኛውን ብቻ የያዘም ከጥቂት ዘመን በኋላ የሚጠብቀው የራሱን መልክ ይሆናል። ቻይናውያን ከሁለቱ አንዱን አልመረጡም፤ ሁለቱንም ጐን ለጐን አኖሩ። በታይዞንግ ዘመን የነበሩት ታላላቅ ጸሐፊዎች ኦውያንግ ሹንና ቹ ሱይሊያንግ መቅድሙን በነፃ እጅ ቀድተውታል ይባላል፤ ዛሬም አዋቂ ሰው የፈንግን ግልባጭ ከእነርሱ ግልባጭ ጋር እያስተያየ የጠፋውን ፊት ከሦስቱ መካከል ይፈልጋል።

ከዚህ የባሰው ደግሞ ታማኙንም አታላዩንም የሚያገለግለው ያው አንድ ጥበብ መሆኑ ነው። በሶንግ ዘመን የነበረው ሚ ፉ፣ በ1107 ወይም በዚያው አካባቢ የሞተው፣ ታላቅ ጸሐፊና ታላቅ መርማሪ ነበር። ስለ እርሱ እንደሚወራው ግን የጥንት ጽሕፈት ከባለቤቱ ይዋስና ሌት ቀድቶ፣ ዋናውን ለራሱ አስቀርቶ ግልባጩን ይመልስ ነበር። በዚያ ሌሊት የሠራው ግልባጭና በታይዞንግ ቤት የተሠራው ግልባጭ በእጅ ሥራ ምን ይለያያሉ? ምንም። ልዩነቱ በወረቀቱ ላይ አይደለም፤ ሰጪው ሲሰጥ በተናገረው ቃል ላይ ነው። ቅጂ ነው ብሎ የሰጠ አደራ ጠበቀ፤ ዋናው ነው ብሎ የሰጠ በላ። ስለዚህ ቻይናውያን በግልባጭ ጠርዝ ላይ ማኅተምና አስተያየት እየጨመሩ፣ ማን ከማን እንደ ተቀበለው፣ ማን አይቶ እንደ መሰከረለት ሲጽፉ ኖረዋል። ለእንግዳ ሰው ያ ሁሉ ቀይ ማኅተም የሥዕል ማበላሸት ይመስለዋል፤ ነገር ግን የምስክሮች ዝርዝር ነው።

ወረቀት ይቃጠላል፤ ብል ይበላዋል። ስለዚህ ክቡር ጽሕፈትን በድንጋይ መቅረጽ በቻይና የቆየ ልማድ ነው። ከ175 እስከ 183 ባለው ጊዜ በሉኦያንግ ከተማ የጥንት መጻሕፍት ትክክለኛ ንባብ በድንጋይ ሰሌዳዎች ተቀርጾ ቆመ። ትሳይ ዮንግ የተባለው ሊቅ ከዋነኞቹ አስፈጻሚዎች አንዱ ነበር። ሊያይና ሊቀዳ የመጣው ሰው ብዛት፣ ታሪክ እንደሚለው፣ በቀን ከሺህ በላይ ሠረገላ ሆኖ መንገዱን ዘጋው። በኋላ ሌላ ብልሃት ተገኘ። ስስ ወረቀት ይርስና በድንጋዩ ላይ ይለጠፋል፤ በለስላሳ ብሩሽ እየተመታ በተቀረጸው ጐድጓዳ ውስጥ ይገባል። ሊደርቅ ጥቂት ሲቀረው በጨርቅ የተጠቀለለ ድቡልቡል ነገር ቀለም ተነክሮ በላዩ ቀስ እያለ ይመታል። ቀለሙ የድንጋዩን ገጽ ብቻ ይነካል፤ ፊደሉ ግን ጐድጓዳ ነውና ነጭ ሆኖ ይቀራል። ወረቀቱ ሲላቀቅ በጥቁር ሜዳ ላይ ነጭ ፊደል ይታያል፤ ንባቡም አይገለበጥም። ቀኑ ከታወቀው ከዚህ ዓይነት ግልባጭ እጅግ የጥንቱ፣ ራሱ ታይዞንግ ስለ አንድ ፍል ውሃ ጽፎ ያስቀረጸው ነው፤ በ653 የተጻፈ ማስታወሻ አለበት። ድንጋዩ ጠፍቷል፤ ወረቀቱ ግን በዱንኋንግ ዋሻ ተዘግቶ ቆይቶ በ1908 ፖል ፔሊዮ የተባለው ፈረንሳዊ አገኘው፤ ዛሬ በፓሪስ በብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ይገኛል። ዋናውን ወደ መቃብሩ የወሰደው ንጉሥ የገዛ እጁ ጽሕፈት የተረፈው በግልባጭ ነው።

ከድንጋይ የሚነሣው ግልባጭ ከብሩሽ ግልባጭ በአንድ ነገር ይለያል። ወረቀቱ ድንጋዩን ነክቶታል። በመካከላቸው የሁለተኛ ጸሐፊ ፈቃድ አልገባም፤ ስንጥቁም፣ የተሸረፈውም ጠርዝ፣ የወደቀውም ፊደል እንዳለ ይታተማል። ስለዚህ የምስክርነት ኃይል አለው። ለዚህ ደግሞ ለክርስቲያኖች ቅርብ የሆነ ምሳሌ አለ። በ781 የምሥራቅ ሶርያ ቤተ ክርስቲያን ሰዎች በቻይና ዋና ከተማ፣ ዛሬ ሺአን በምትባለው፣ ስለ ሃይማኖታቸው መግባት የሚናገር ታላቅ ድንጋይ አቆሙ። ቻይንኛው በውብ ጽሕፈት ተቀርጿል፤ በሶርያ ፊደል የተጻፉ የካህናት ስሞችም አሉበት። ድንጋዩ ከምድር ተቀብሮ ቆይቶ በ1620ዎቹ ተገኘ፤ ወሬው አውሮፓ ሲደርስ ቮልቴርን የመሰሉ ሰዎች የሚሲዮናውያን ፈጠራ ነው ብለው ዘበቱበት። ክርክሩን ለመመርመር ሰው ሁሉ ቻይና ድረስ መሄድ አልነበረበትም፤ የቀለም ግልባጩ ሄደለት። ስለ እውነተኛነቱ ዛሬ የሚጠራጠር ሊቅ የለም።

ይሁን እንጂ በዚህም ውስጥ የተሰወረ ኀዘን አለ። ግልባጭ በተነሣ ቍጥር ድንጋዩ ይመታል፤ በብዙ መቶ ዓመታት ውስጥ ጠርዙ ይለዝባል፤ ፊደሉ ይሰፋል፤ በመጨረሻም ይደበዝዛል። የሚያተርፈው ሥራ ራሱ ያጠፋል። በሺአን በድንጋይ ሰሌዳዎች ሙዚየም የሚገኝ አንድ ሐውልት አለ፤ ኋይረን የተባለ መነኵሴ የዋንግ ሺዥን ፊደሎች አንድ በአንድ ከልዩ ልዩ ጽሕፈት ለቅሞ፣ ዋንግ ሺዥ ያልጻፈውን ቃል በዋንግ ሺዥ እጅ አስጽፎ በ672 ያስቀረጸው ነው። ሐውልቱ በኋላ ዘመን ተሰነጠቀ። ሳይሰነጠቅ በፊት የተነሡት ግልባጮች ዛሬ ከቆመው ድንጋይ ይልቅ ለጽሕፈቱ ይቀርባሉ። የኋሻን ተራራ ቤተ መቅደስ ሐውልት ደግሞ በ165 የቆመ ነበር፤ በአሥራ ስድስተኛው መቶ ዓመት እኩሌታ ላይ በታላቁ የሻንሺ ምድር መናወጥ ጊዜ ተሰባብሮ ጠፋ፤ የቀሩለት አራት ግልባጮች ብቻ ናቸው። ታዲያ እንዲህ በሆነ ጊዜ ዋናው የትኛው ነው? ድንጋዩ አብነት፣ ወረቀቱ ጥላ ነው የሚለው ተራ አነጋገር እዚህ ላይ አይሠራም። ዛሬ በቻይና ከጥንት ድንጋዮች ላይ ያለ መንግሥት ፈቃድ ግልባጭ ማንሣት ተከልክሏል፤ ክልከላውም ትክክል ነው። የድሮዎቹ አታሚዎች ግን ይህን ክልከላ ቢያከብሩ ኖሮ የኋሻን ሐውልት ዛሬ በስም ብቻ የሚታወቅ ይሆን ነበር።

ግልባጭ ስሕተትንም ያስተላልፋል። በ992 የሶንግ ንጉሠ ነገሥት የጥንት ጽሕፈቶችን በ10 ክፍል አስመርጦ አስቀርጾ፣ የቀለም ግልባጩን ለሹማምንት አደለ። ከአሥሩ አምስቱ የዋንግ ሺዥና የልጁ ጽሕፈት ናቸው። ቈይቶ እነ ሚ ፉ ሲመረምሩት ሐሰተኛ ጽሕፈት እንደ ገባበት አገኙ፤ ነገር ግን ትውልድ በእርሱ ተምሮ ነበር። በ2003 የሻንግሃይ ሙዚየም ከዚህ መጽሐፍ አራት ጥንታዊ ክፍሎችን በ4.5 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር ገዛ፤ እንግዲህ የግልባጭ ግልባጭ ዋጋ ይህን ያህል ደርሷል። በላንቲንግም ላይ ከባድ ጥርጥር መጥቷል። በ1965 ጉኦ ሞርዎ፣ በናንጂንግ አጠገብ የተገኙትን የዋንግ ሺዥ ዘመን የመቃብር ጽሕፈቶች አስተያይቶ፣ መቅድሙ በኋላ ዘመን የተደረሰ ነው እንጂ የዋንግ ሺዥ አይደለም ሲል ጻፈ፤ ሌሎችም ጽኑ መልስ ሰጡት። ክርክሩ አልተዘጋም። ንጉሡ ዋናውን ባይቀብረው ኖሮ አንድ ሰዓት በማይሞላ ምርመራ ይዘጋ ይሆን ነበር። ግልባጭ ጽሕፈቱን ማስተማር ይችላል፤ ጸሐፊው ማን እንደ ነበረ ለመመስከር ግን አቅሙ ይደክማል። ይህን ጕድለቱን መሸሸግ አያስፈልግም።

ከላንቲንግ ግልባጮች አንዱ፣ ዲንግዉ የሚባለው፣ ከኦውያንግ ሹን ቅጂ በድንጋይ የተቀረጸ ነው ይባላል። ድንጋዩ በሶንግ ዘመን በአንድ ሹም እጅ ገብቶ ነበር። ልጁ ሌላ ድንጋይ አስቀርጾ ተካበትና፣ የእርሱን ለመለየት ከዋናው ድንጋይ ላይ አምስት ፊደል በመሮ ሸረፈ ይባላል፤ የራሱ ብቻ እንዲሆን ሲል ያበላሸው መሆኑ ነው። በ1127 ዋና ከተማው በጠላት እጅ ሲወድቅ ድንጋዩ ከዓይን ተሰወረ። ከእርሱ የተነሣ አንድ ግልባጭ ዣኦ መንግጂያን የተባለ ሊቅ በ1259 ገዝቶ ወደ ቤቱ ሲመለስ፣ ሌሊት ነፋስ መጥቶ ታንኳውን ገለበጠው። ዕቃው ሁሉ ሰጠመ። እርሱ ጥልቀት በሌለው ውሃ ውስጥ ቆሞ ግልባጩን በሁለት እጁ ወደ ላይ ከፍ አድርጎ እንደ ያዘው፣ ነፍሱን ከእርሱ እንዳሳነሰ ይተረካል። የያዘው ነገር ዋንግ ሺዥ አልነካውም፤ ኦውያንግ ሹንም አልነካውም፤ የጠፋ ድንጋይ የነካው ወረቀት ነበር።

ከዚያው ድንጋይ የተነሣ ሌላ ግልባጭ በ1310 በዣኦ መንግፉ እጅ ገባ። ዣኦ መንግፉ ወደ ዋና ከተማው በታንኳ ሲጓዝ፣ አንድ ወር በሚሆን ጕዞ በየቀኑ እየዘረጋ ተመለከተው፤ በኅዳጉም 13 አስተያየት ጻፈበት፤ ራሱም መቅድሙን ቀዳው። ይህ ግልባጭ በቺንግ ዘመን በእሳት ተያዘ። ዛሬ በቶክዮ ብሔራዊ ሙዚየም ጠርዛቸው የተቃጠለ ቍርጥራጮች ይታያሉ፤ በአንዳንዱ ላይ ጥቂት ፊደሎች፣ በአንዳንዱም የዣኦ መንግፉ ብሩሽ ግማሽ መሥመር ቀርቷል። ከመቃጠሉ በፊት ግን አስተያየቶቹ በድንጋይ ተቀርጸው፣ የቀለም ግልባጫቸው ተሠራጭቶ ነበር፤ የሚማሩትም እስከ ዛሬ ከእርሱ ይማራሉ።